ሊጡ ውስጥ ማን ስንት ነው?

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ ስለ ጤፍ ሊጥ ላውራ፤ በተለይ ሊጡን ስለሚያቦኩት ረቂቅ ተሕዋስያን። ሁሉም ሰው «ስንት ዝርያ አለበት?» ብሎ ይጠይቃል። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ድርሻቸው ነው፤ ማን በዝቶ፣ ማን አንሶ ነው ያለው?

በቁጥር እንየው። አራት ዝርያ አለ እንበል፤ እያንዳንዱ 25 በመቶ ይዟል። የሻነን መለኪያ (የዝርያ ብዛትንና ድርሻን አንድ ላይ የሚለካ ቁጥር) 1.39 ይሆናል፤ ለ4 ተፈጥሯዊ ሎጋሪዝም ሲካፈል 1 ይመጣል፣ ማለትም ድርሻው ፍጹም እኩል ነው። አሁን አንዱ 97 በመቶውን ይውሰድ፣ ሦስቱ አንድ አንድ በመቶ ይድረሳቸው። ሻነን ወደ 0.17፣ እኩልነቱ ወደ 0.12 ይወርዳል። መዝገቡ ላይ አሁንም አራት ስም አለ፤ ብዝኃነቱ ግን የ1.2 ዝርያ ያህል ብቻ ነው።

ታዲያ ምን ያመጣል? ሸዋ ሮቢት ቆላ ላይ የከረመ እርሾ ደብረ ብርሃን ወጣ እንበል። ሙቀት ወዳዱ ዝርያ ብርዱን ሲያይ ይለግማል፤ ሥራውን ብርድ የሚችለው መረከብ አለበት። ይኼኛው ከመነሻው 25 በመቶ ከነበረ ወዲያው ይይዘዋል። 0.1 በመቶ ከነበረስ? በ250 እጥፍ ያንሳል፤ ያንን ለመሙላት 8 ጊዜ ያህል በእጥፍ መባዛት አለበት። በየ3 ሰዓቱ ቢባዛ እንኳ አንድ ሙሉ ቀን ይዘገያል። እስከዚያ ቡሃቃው ዝም ይላል፣ እርሾው ይወቀሳል። ዝርያው ግን አልጠፋም፤ አንሶ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2009 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ይህንኑ ናይትሬትን ወደ ጋዝ በሚቀንሱ ባክቴሪያዎች ፈትኖታል። 18 ዝርያዎችን በተለያየ ድርሻ ደባልቀው ጨው ጨመሩባቸው፤ ከመነሻው ድርሻቸው የተመጣጠነው ሥራቸውን በተሻለ ቀጠሉ።

አለካኩ ላይ ነው ብዙው የሚበላሸው። ሊጥ ሲተኛ ከላይ የሚያቀረው ውኃና ከታች ያለው ዝቃጭ አንድ አይደሉም፤ ከላይ ብቻ ቀድቶ «የሊጡ ናሙና» ማለት አይሆንም። በደንብ አማስሉት፤ 10 ግራም ወስዳችሁ 90 ሚሊ ሊትር ንጹሕ የጨው ውኃ (0.85 በመቶ) ውስጥ በጥብጡ፤ ከዚያ 1 ሚሊ ሊትር ወደ 9 እያደረጋችሁ አቅጥኑ። ናሙናው በ0፣ በ12፣ በ24፣ በ48 እና በ72 ሰዓት ይወሰድ። መጀመሪያ የሚበዙት አሲድ የማይችሉ ባክቴሪያዎች ፒኤች ሲወርድ (ሊጡ ሲኮመጥጥ) ለላክቲክ አሲድ ሠሪዎቹ ቦታ ይለቃሉ፤ በአንድ ሰዓት ብቻ የተለካ እኩልነት ያንን ሰዓት እንጂ ሊጡን አይነግራችሁም።

የተቀጠነው ናሙና በሚዘራበት የማብቀያ ሳህን ላይ ከ30 እስከ 300 ቅኝ (ተባዝቶ በዓይን የሚታይ የባክቴሪያ ክምር) ነው የሚቆጠረው። 0.1 በመቶ የሆነ ዝርያ ከ300 ቅኝ ውስጥ በአማካይ አንድም አይደርሰውም። ስለዚህ «የለም» ብላችሁ አትመዝግቡ፤ «አልታየም» በሉ።

ዲኤንኤ ንባብም የራሱ ጣጣ አለው። ባክቴሪያዎቹ የሚለዩበት የ16ኤስ ጂን በአንዱ ባክቴሪያ አንድ ቅጂ፣ በሌላው ከ10 በላይ ሊሆን ይችላል፤ ባለ ብዙ ቅጂው ካለው በላይ በዝቶ ይታያል። ደግሞ አሲዱ የገደላቸው ቀዳሚዎች ዲኤንኤያቸው ሊጡ ውስጥ ይቆያል። በ72 ሰዓት ንባቡ ሞልቶ ሳህኑ ባዶ የሆነበት ዝርያ ካያችሁ፣ በሕይወት ካሉት ጋር ከመደመራችሁ በፊት ጠርጥሩት።