ጉልበቴ ደህና ነው

እሺ፣ የመቅጃው ቀይ መብራት በርቷል። እንዴት ከረማችሁ። ያው የፖድካስቱ ስቱዲዮ ኮሮላዋ ናት፣ ኋላ የልጅቷ ካር ሲት፣ ፊት ለፊት የመስታወቱ ስንጥቅ፣ አልተሠራም፣ አትጠይቁኝ።

ባለፈው የእሳት አጥፊነት ፈተናውን ጉልበቴን አሞኝ አቋረጥኩት ብዬ አውርቼ የለ። ከዛ በኋላ የመጣው ሜሴጅ… ወይ ጉድ። አንዷ ከቤሩት የድምፅ መልእክት ልካ አራት ደቂቃ ሙሉ የሰናፍጭ ዘይት እንዴት እንደሚሞቅና በምን አይነት ጨርቅ እንደሚታሰር አስረዳችኝ፣ መሀል ላይ ማዳሟ ስትጠራት ይሰማል፣ እሷ ግን ድምጿን ዝቅ አድርጋ "ሁለቴ ነው በቀን፣ እንዳትረሳ" ብላ ነው የጨረሰችው። ከስቶክሆልም አንዱ የእስፖርት ቪዲዮ ላከ። እናቴ ደግሞ፣ ይሄን ስሙ፣ ተሳለች። ለጉልበቴ። ለቁልቢ ገብርኤል። ልጄ ድኖ ካየሁት ታኅሣሥ 19 ጃንጥላ ይዤ እሄዳለሁ ብላ፣ ራሷ ደረጃ በዱላ የምትወርድ ሴትዮ።

ጉልበቴ ምንም አልሆነም።

…እሺ። አልኩት። ጉልበቴ ደህና ነው፣ የዛን ቀንም ደህና ነበር።

ፈተናውን እንደገና አልዘረዝርም፣ ሲፓት ነው ስሙ፣ ስምንት ነገር በ10 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ፣ ወይ ታልፋለህ ወይ ትወድቃለህ፣ ነጥብ የሚባል የለም። ደረጃዋን ብቻ ልድገማት ምክንያቱም ነገሩ እሷ ጋ ነው። የመጀመሪያዋ ናት። 50 ፓውንድ ቬስት ያለብሱሃል፣ እሱ እስከ መጨረሻው አብሮህ ነው፣ ለደረጃዋ ብቻ ደግሞ ትከሻህ ላይ ሌላ 25 ይጨምሩልሃል፣ ቱቦ ተሸክሞ ፎቅ እንደሚወጣ ሰው መሆኑ ነው። በድምሩ 75 ፓውንድ፣ 34 ኪሎ መሆኑ ነው። ከዛ ማሽኑ ላይ ትቆማለህ፣ 20 ሰከንድ ቀስ ብሎ ያሟሙቅሃል፣ ከዛ 3 ደቂቃ፣ በደቂቃ 60 ደረጃ። 180 ደረጃ ማለት ነው። ለሚዛን ያህል መደገፊያውን ነካ ማድረግ ይቻላል፣ ይዘህ ከቆየህ ያስጠነቅቁሃል፣ ሁለት ማስጠንቀቂያ አለህ። ከማሽኑ ከወረድክ ግን አለቀ። ቱቦ መጎተቱ፣ መሰላሉ፣ መዶሻው፣ ጨለማው ዋሻ ውስጥ በጉልበት መዳሁ፣ 75 ኪሎ አሻንጉሊት መጎተቱ፣ ምኑንም አታየውም። ያን ሁሉ ሳምንት ተለማምደህ፣ ፈተናህ ሦስት ደቂቃ እንኳን ሳይሞላ ወደ ቤት።

34 ኪሎ ደግሞ ምንድነው፣ የኩንታል ሲሶ ነው። መርካቶ ኩንታል ሙሉ ጀርባው ላይ ጭኖ "ዞር በል! ዞር በል!" እያለ ሰው መሀል የሚሮጠውን ልጅ አስቡት፣ ማን ፈተነው? የእንጦጦን ቁልቁለት እንጨት ተሸክመው የሚወርዱት እናቶች፣ ወገባቸው እጥፍ ብሎ፣ በላስቲክ ጫማ፣ በዛ ከፍታ ላይ፣ እዛ ዝም ብሎ መሄዱ ራሱ ትንፋሽ ያሳጥራል። እኔ እዚህ ሜሪላንድ፣ ኦክስጅኑ ጠገብ ያለ አገር፣ በኤሲ፣ የስፖርት ጫማ አድርጌ። ጓደኛዬ፣ ታውቁታላችሁ፣ ኡበር የሚነዳው፣ "አንተን እኮ አንድ የእንጦጦ እናት አዝላህ ፈተናውን ታልፋለች" አለኝ። እውነቱን ነው። ስቄያለሁ ግን ሌሊቱን ሳስበው ነው ያደርኩት።

ለምን እዚህ ውስጥ ገባሁ ብትሉ ያው መርካቶ ሸማ ተራ የተቃጠለበት ሌሊት ነው፣ ጥቅምት 2017። ሥራ ላይ ሆኜ፣ ፓርኪንግ ቁጭ ብዬ፣ በስልኬ ላይቭ ሳይ። እሳቱን ሳይሆን ሰዉን ነው ያየሁት፣ ጣቃ ጣቃውን ተሸክመው የሚሮጡትን። መንገዱ ጠባብ ነው፣ የእሳት አደጋ መኪና እዛ ሰፈር እንዴት አድርጎ ይገባል፣ 939 ብትደውልስ። ሰው ነው ከፊት የቆመው። እና እኔ ቁጭ ብያለሁ፣ ላይክ እያደረግኩ። ላይክ! እሳት ላይክ ይደረጋል? ልብ ነበር እንጃ ምን ነበር የተጫንኩት። እና በዛው ሳምንት ለቮለንቲርነት ሞላሁ። እዚህ አገር አብዛኛው እሳት አጥፊ ደሞዝ የሌለው በጎ ፈቃደኛ መሆኑን እንኳን ያኔ አላውቅም ነበር፣ ከሦስቱ ሁለቱ ገደማ እኮ ናቸው፣ ቀን ጥርስ ሐኪም ማታ እሳት አጥፊ። ቤንጃሚን ፍራንክሊን በ1736 ፊላደልፊያ ላይ ያቋቋመው ራሱ የበጎ ፈቃደኞች ነበር። እኛ እድር እንደምንለው አይነት ነገር ነው መሰለኝ፣ የጎረቤትህ ቤት ሲነድ ባልዲ ይዘህ ካልመጣህ ያንተ ሲነድ… አዎ፣ እድር ነው በቃ። የቅጣት ገንዘብ ሳይቀር ነበራቸው።

ብቻ ምን እያልኩ ነበር። ደረጃዋ።

አጠገቤ ያለው ማሽን ላይ አንዲት ልጅ አለች፣ ቢበዛ 20 ዓመቷ ነው፣ ቀጭን፣ ቬስቱ እሷን ለብሷት እንጂ እሷ ቬስቱን የለበሰች አትመስልም። እና ትወጣለች። ፊቷ ላይ ምንም የለም። አውቶቡስ የምትጠብቅ ነው የምትመስለው። እኔ የመጀመሪያው ደቂቃ ላይ ጥሩ ነኝ፣ ሁለተኛው ሲጀምር ጭኔ መቃጠል ጀመረ፣ ግን የሚታወቅ መቃጠል ነው፣ ስምንት ሳምንት የለመድኩት ነው፣ ትንፋሼም አለ። አንዴ መደገፊያውን ነካሁ፣ ማስጠንቀቂያ እንኳን አልተሰጠኝም። እና እዛ ጋ፣ የቀኝ እግሬ ወጣ፣ ግራው ወጣ፣ ቀኙ… እና ግራውን ወደ ታች አወረድኩት። መሬት ላይ። አልወደቅኩም። አልተንሸራተትኩም። ከታክሲ እንደሚወርድ ሰው፣ "ወራጅ አለ" ብሎ እንደሚወርድ ሰው፣ ቀስ ብዬ ወረድኩ።

ሰዓት የያዘው ሰውዬ አየኝ። እኔም አየሁት። ማሽኑ ባዶውን ደረጃውን እያወረደ ነው። ደህና ነህ ወይ አለኝ፣ እና አፌ፣ እኔ አይደለሁም አፌ ነው፣ "ጉልበቴ" አለ። ወዲያው ወንበር መጣ፣ በረዶ መጣ፣ ወረቀት አስፈረሙኝ። የተቀመጥኩበት በረዶው እየቀለጠ ካልሲዬ ውስጥ ሲገባ ያቺ ልጅ አልፋኝ ቱቦውን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ሮጠች። 2 ደቂቃ ከ20 ላይ ነው የወረድከው አለኝ ሰውዬው በኋላ። 40 ሰከንድ ነበር የቀረኝ።

40 ሰከንድ። 40 ደረጃ።

እና እሳት አደጋ ጣቢያው ያሉት አማርኛ የማያውቁት ሽማግሌ፣ ጋሼ የምላቸው፣ ትርጉሙን እስከዛሬ አልነገርኳቸውም፣ ስማቸውን አሳስቼ የምጠራ ይመስላቸዋል፣ እሳቸው ሲሰሙ በነጋታው የራሳቸውን የጉልበት ማሰሪያ አምጥተው ሰጡኝ። የተጠቀሙበት ነው፣ ላቡ ራሱ አለ። "ጉልበት ተንኮለኛ ነው" አሉኝ። ማሰሪያው እዚሁ መኪና ውስጥ ነው፣ ከኋላ፣ ካር ሲቱ ስር።

ስለሳቸው አንድ ነገር ልበል፣ መስመር ልስት ነው ግን ልበል። እሳቸው ይሄን ፈተና ወስደው አያውቁም። ሲገቡ ፈተናው ራሱ አልነበረም፣ የዘጠናዎቹ መጨረሻ ላይ ነው የእሳት አጥፊዎቹ ማኅበርና የአለቆቹ ማኅበር ተስማምተው ያወጡት። አሁን መኪናውን ነው የሚነዱት፣ ሆዳቸው መሪው ላይ ነው፣ ከመኪናው ሲወርዱ ያለከልካሉ። እና ለበጎ ፈቃደኛ አገር አቀፍ ሕግ የሚባል ነገር የለም፣ ኤንኤፍፒኤ የሚባለው የእሳት መከላከያ ድርጅት የሕክምናውን መመዘኛ 1582 ብሎ ጽፎት ነበር፣ ግን ጣቢያው ወይ ካውንቲው ካልተቀበለው ወረቀት ነው። አንዱ ጋ ሲፓት፣ አንዱ ጋ ግቢውን ሁለቴ ዙር፣ አንዱ ጋ "ትነዳለህ? ና"። መግቢያው ላይ ይፈትኑሃል፣ ከዛ በኋላ ሃያ ዓመት ማንም አይጠይቅህም። መጀመሪያ ሳውቅ ተናደድኩ። እኔን በ40 ሰከንድ እየመለሱ እሳቸውን! ምክንያቱም ይሄ ቀልድ አይደለም፣ እዚህ አገር ሥራ ላይ ከሚሞቱት እሳት አጥፊዎች ብዙውን ዓመት ትልቁን ቁጥር የሚወስደው እሳቱ አይደለም፣ ልብ ነው። ሌሊት ስምንት ሰዓት ተኝተህ ደወል ይጮሃል፣ ልብህ ከእንቅልፍ ተነስቶ በአንዴ ጣሪያ ይነካል፣ ከዛ ያ ሁሉ ልብስ፣ ያ ሙቀት። ጋሼ ቢወድቁ እሳቸውን የሚጎትተው ሌላ ሁለት ሰው ነው፣ ያ ሁለት ሰው ደግሞ እሳት ላይ የለም ማለት ነው። ስለዚህ በየዓመቱ መፈተን አለበት ባይ ነኝ። ነበርኩ። ነኝ። ግን ሌሊት ስምንት ሰዓት ማነው የሚመጣው? እሳቸው ናቸው። ፈተናውን ያለፉት ጎረምሶች ስልካቸው ሳይለንት ላይ ነው። እሳቸውን አውጥታችሁ መኪናውን ማን ሊነዳው ነው፣ እኔ? እኔማ ወራጅ ነኝ።

…

ያልነገርኳችሁ ነገር አለ። አልነገርኩም ማለቴ፣ ለራሴም።

እግሬን ሳወርድ የሆነ ነገር አስቤያለሁ። ደከመኝ አይደለም ያሰብኩት። "ይሄ ነገር ሊያልቅ ነው" ነው ያሰብኩት። ልጨርሰው ነው። ከዛ ቱቦው፣ መሰላሉ፣ ምናምን፣ ሁሉንም ተለማምጃለሁ፣ ላልፍ እችላለሁ። እና ካለፍኩ ከዛ በኋላ ደወሉ ሲጮህ መሄድ ነው። እውነተኛ ደረጃ፣ ጭስ ያለበት። ያ አሻንጉሊት፣ 75 ኪሎው፣ ሰው ይሆናል። እስከዛ ድረስ፣ ማለቴ እስከ ሁለት ደቂቃ ከ20 ድረስ፣ እኔ እሳት አጥፊ ሊሆን የሚሞክር ሰው ነበርኩ፣ እሱ ደግሞ ደስ ይላል፣ ፖድካስት ይወጣዋል፣ ሰው "ጎበዝ" ይልሃል።

ወይም ደግሞ ይሄን አሁን ነው የፈጠርኩት። እውነቴን ነው፣ አላውቅም። ሰው ሲደክመው ሰበብ ጭንቅላቱ ውስጥ ቶሎ ቶሎ ይፈላል፣ ከጉልበቴ ይልቅ ፍርሃቴ ያምራልና እሱን መርጬ ሊሆን ይችላል። "ፈርቼ ነው" ሲባል ጥልቅ ሰው ያስመስላል። ምናልባት ሰነፍኩ በቃ። ባለቤቴ ብነግራት "ጠዋት ቁርስ ሳትበላ ሄደህ ነው" ነው የምትለኝ፣ እና እሱም እኮ እውነት ነው፣ ቡና ብቻ ነበር የጠጣሁት።

እንደገና መፈተን ይቻላል። ኢሜይሉ መጥቷል፣ አልከፈትኩትም፣ ርዕሱን ብቻ ነው ያነበብኩት።

እናቴን ምን እንደምላት ነው የቸገረኝ። ዳንኩ ካልኳት ከአዲስ አበባ ቁልቢ ድረስ ጃንጥላ ይዛ ልትሄድ ነው፣ በዛ እግሯ፣ ላልታመመ ጉልበት። አልዳንኩም ካልኳት ደግሞ ስለቱን ታከብደዋለች። ውሸት ነበር ካልኳት… ገብርኤልን ነው የዋሸሁት እንግዲህ፣ እሷ እንደዛ ነው የምታየው። "ለኔ ግድ የለም፣ እሱ ግን" ትላለች። ድምጿ እየተሰማኝ ነው።

አንድ ነገር ልንገራችሁና ልውጣ፣ ልጅቷ ሳትነቃ። የኛ አፓርትመንት ሦስተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍቱን ታውቁታላችሁ፣ እሱም እንደ መስታወቱ ነው። ከፈተናው በኋላ ደረጃውን ቆጠርኩት። 42። ትናንት ማታ ልጅቷ ካር ሲት ላይ ተኝታብኝ ትከሻዬ ላይ አድርጌ፣ በአንዱ እጄ የውሃ ካርቶን፣ በሌላው ፌስታል፣ ወጣሁ። ሳላስበው። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ልረፍ እንኳን አላልኩም፣ መደገፊያ ልያዝ ብልም እጅ የለኝም። በር ላይ ደርሼ ነው ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ ሲል የሰማሁት፣ እና እዛው ቆሜ ቆጠርኩ… አይ፣ ይሄ ምንም ማለት አይደለም። ቤቴ ነው። ጭስ የለም። ሰዓት የያዘ ሰው የለም።

19 ደቂቃ ሆኗል ይላል። እ… ለቤሩቷ፣ እህቴ፣ ዘይቱን አልነገርኩሽም፣ በቀን ሁለቴ እየተቀባሁት ነው። ገዝቼዋለሁ በቃ፣ ሙሉ ጠርሙስ ነው፣ ባለቤቴ ደግሞ ሽታው…

ቆይ፣ ፎቁ ላይ መብራቱ በራ። ነቃች መሰለኝ።