የዳይክ መዋጮ ያልከፈላችሁ ሆይ፦ በጠቅላላ ጉባኤያችን የቀረበ የመክፈቻ ንግግር

ክቡራን እንግዶች፣ የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ምስጋናውን ጸሐፊያችን በሪፖርቱ ያደርሰዋል፤ እኔ ወደ ጉዳዩ ልግባ።

ዘንድሮ ዋናውን ቦይ ከደለል አጽድተናል፤ የአዋሽን ጎርፍ የሚያግደውን የወንዝ ዳር ክትር፣ ዳይኩን፣ በተሸረሸረበት በሁለት ቦታ ሞልተናል፤ ሒሳባችንም ተመርምሯል። ኮርቼበታለሁ። ነገር ግን አካፋ የያዙት ሁልጊዜም የሚይዙት እጆች ናቸው።

ዓመቱን ሙሉ እንቅልፍ የነሳኝ የዳይክ መዋጮ ነው። ከአዋሽ ራቅ ያለ ማሳ ያላቸው አባሎቻችን «ውሃው እኛ ዘንድ አይደርስም» ይላሉ። እውነት ነው፣ በ2012 ክረምትም አልደረሰም። ወንዙ ሞልቶ በአሚባራ፣ በዱብቲና በአሳይታ ሕዝብ ሲያፈናቅል የእነርሱ ማሳ ደረቅ ነበር። ከዚያስ? ጎርፉ ቦዩን በደለል ደፈነው፤ የመስኖ ውሃ ተቋረጠ፤ በጎርፍ ዓመት ጥጣቸው በውሃ ጥም ደረቀ! ጥጥ ሲጠፋ መዳመጫው ይቆማል፤ የቀን ሠራተኛው ጓዙን ጠቅልሎ ይሄዳል፤ ሻይ የምትሸጠዋ ሴት ሳትቀር ገበያዋ ይቀዘቅዛል። ይህን ስንቴ ተናገርኩ?

አንዳንዱ ደግሞ ጣቱን ከላይ አዋሽን ወደሚገድበው የቆቃ ግድብ ይቀስራል። ቆቃ በ1952 ዓ.ም. ሲመረቅ የነበረው ሆድ ዛሬ የለውም፤ ከደጋው የታጠበ አፈር ሞልቶታል። ክረምቱ ሲበረታ በሩን ይከፍታሉ። ባይከፍቱስ ምን ያድርጉ፣ ግድቡ ይሰበር? አዋሽ እንደሌሎች ወንዞች ባሕር አይገባም፤ አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። ከላይ የተሸከመውን የሚያራግፈው እዚሁ እኛ ዘንድ ነው። በደጋው ተራራ ላይ እርከን እስኪሠራ እንጠብቅ የሚል ካለ፣ ቢያንስ እስከዚያ ድረስ መዋጮውን ይክፈል።

እነዚህ ባዶ ወንበሮች የማን እንደሆኑ ታውቃላችሁ። ስም አልጠራም። ቦዩ በተደፈነበት ሰሞን ግን በእኩለ ሌሊት እየደወሉ «ሊቀመንበር፣ ምን እየሠራህ ነው?» ያሉኝ እነርሱ ነበሩ። ስልካቸው ዛሬ አይነሳም። ተቆጥቻለሁ፤ ደግሞም ወንድሞቼ ናቸውና ቂም አልይዝም።

በካዝናችን ያለው ገንዘብ የአንዱን የዳይክ ስብራት ድንጋይ እንኳ አይሸፍንም። ሐምሌ ሳይገባ ሦስተኛው ስብራት መደፈን አለበት። ሰኞ ማለዳ እዚያው እገኛለሁ። የምትመጡ አካፋችሁን ያዙ፤ ጎረቤታችሁ ዛሬ ከሌለ በሩን አንኳኩታችሁ አምጡልኝ።

ጉባኤው ተከፍቷል፤ ጸሐፊ፣ ሪፖርቱን ቀጥል።