መሃሉን የተበሳው ብር

እንደምን ዋላችሁ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ! ከኋላ ያላችሁ ወደ ፊት ጠጋ በሉ፤ ዛሬ በእጅ የሚዞር ነገር አለ።

የዘንድሮ ወሬያችን በሰው አገር ብር ላይ የራስን ማኅተም መምታት ነው። ቅኝ ገዢዎቹ የራሳቸው ሳንቲም ሲያጥራቸው ያደርጉት የነበረ ነገር ነው። እኔ የምወደው የሲድኒውን ታሪክ ነው። እዚያ ገንዘብ አይበረክትም ነበር፤ መርከብ ዕቃ ይዞ ይመጣል፣ ብሩን ጠራርጎ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ1812 መጨረሻ 40,000 የስፔን ብር ከሕንድ ሲደርስ፣ አገረ ገዢው ላክላን ማኳሪ የእያንዳንዱን መሃል አስበሳው። ቀለበቱ 5 ሽልንግ፣ ከመሃል የወጣችው ትንሿ 15 ፔኒ ተብለው ተመቱ። ከአንድ ብር ሁለት ገንዘብ ወጣ፣ ትርፉም ቀላል አይደለም። ደግሞ የተበሳ ብር ይዞ ወጥቶ ሌላ አገር በሙሉ ዋጋ ማን ይቀበለዋል?

ሥራው የተሰጠው ለዊልያም ሄንሻል ነው፤ ሐሰተኛ ገንዘብ ሠርቶ ተፈርዶበት ወደዚያ የተጋዘ ሰው። ሥጋን ለጅብ አደራ ማለት ይሄ ነው! ከዓመት በላይ ፈጅቶበት ጨረሰው፣ በአንዳንዶቹ ላይም የስሙን መነሻ ፊደል ኤች ሸጎጠበት። በኋላ መንግሥት ሰብስቦ አቀለጠው፤ ዛሬ የቀሩት ቀለበቶች 300 ገደማ ናቸው።

የኛም ጠገራ፣ የኦስትሪያዋ ንግሥት የማርያ ቴሬዛ ምስል ያለባት ብር፣ ከዚህ አላመለጠችም። ሞዛምቢክ ላይ ፖርቱጋሎች እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ መጨረሻ ዘውድ ያለበት የፒ እና ኤም ፊደል ማኅተም መቱባት። እዚህ አገር ግን ማኅተም ማን ፈለገ? አያቶቻችን የማርያ ቴሬዛን የደረት ጌጥ ፈርጦች አንድ ሁለት ብለው ይቆጥሩ ነበር፣ ካልሞላ ይመልሱት ነበር።

እኔ ግን አልቆጠርኩም፣ ተሸወድኩ። ባለፈው ዓመት የሞዛምቢክ ማኅተም አለባት የተባለች ጠገራ ገዛሁ። ቤት ገብቼ በማጉያ ሳያት የማኅተሙ ጠርዝ እንደ ሳሙና ተሟሙቷል፣ በዚያ ላይ ጀርባዋ ንክች አላለም። ማኅተም በመዶሻ ሲመታ ከበስተኋላው ትንሽ ጠፍጠፍ ያደርጋል፤ የኔዋ ከነማኅተሟ ቀልጣ በቅርጽ የፈሰሰች ነች።

እና ስማችሁን የማልጠራው አባላት፣ ብራችሁን በሎሚና በአመድ ማሸት ተዉ። የምንመረምረው ጠርዝ አብሮ ይታጠባል። በሉ፣ የተሸወድኩባትን ከዚህ ጥግ እናስጀምራት። ዳርና ዳሯን ያዙ፣ ፊቷን አትንኩ።