ኮምፒውተሩን ከመምረጣችሁ በፊት ፕሮግራሙን ምረጡ፦ ዊንዶውስ፣ ማክ፣ ሊኑክስና ክሮምቡክ

(ምስል፦ ጠረጴዛ ላይ ባዶ ወረቀትና እስክሪብቶ)

ኮምፒውተር ሊገዛ የተነሳ ሰው ቀድሞ የሚጠይቀው «ዊንዶውስ ይሻላል ወይስ ማክ?» ብሎ ነው። ጥያቄው ክፋት የለውም፤ ተራው ግን ገና ነው። መጀመሪያ ወረቀት ያዙና በሳምንት ውስጥ የምትከፍቷቸውን ፕሮግራሞች አንድም ሳይቀር ጻፉ። ኮምፒውተሩ ላይ የምትሰኳቸውን ዕቃዎችም ጨምሩ፦ ፕሪንተር፣ ስካነር፣ ባርኮድ ማንበቢያ፣ ሁለተኛ ስክሪን። አሁን የትም የሚሠሩትን ሰርዙ። ኢሜይል፣ ዩቲዩብ፣ ዙም፣ ቴሌግራም በዊንዶውስም፣ በማክም፣ ነፃ ሲስተም በሆነው ሊኑክስም፣ በብሮውዘር ዙሪያ በተሠራው የጎግል ክሮምቡክም ላይ አሉ፤ ይሰረዙ። ሳይሰረዝ የቀረ፣ መተኪያ የሌለው አንድ ፕሮግራም ካለ ምርጫውን እሱ ጨርሶታል። ሌላው ክርክር ስለ መልክና ስለ ክብደት ነው።

(ምስል፦ ዝርዝሩ ተሰርዞ «ሬቪት» የሚለው ብቻ ቀርቷል)

የቀረው ሬቪት (የሕንፃ ንድፍ)፣ ሶሊድወርክስ (የማሽን ንድፍ) ወይም አርክጂአይኤስ ፕሮ (የካርታ ሥራ) ከሆነ ዊንዶውስ ግዙ፤ ሦስቱም ለማክ አልተሠሩም። ፋይናል ከት ፕሮ (ቪዲዮ) ወይም ሎጂክ ፕሮ (ሙዚቃ) ከሆነ ማክ ነው። የአይፎን አፕ የሚሠራም ኤክስኮድ ያስፈልገዋልና ከማክ አያመልጥም። አውቶካድና ፎቶሾፕ ለዊንዶውስም ለማክም አሉ፤ ለሊኑክስ ግን የሉም።

ብዙ ሰው የሚሸወደው ኤክሴል ላይ ነው። «ኤክሴል ማክ ላይም አለ» ይባላል፤ እውነት ነው። ነገር ግን የማኩ ኤክሴል ብዙ ሠንጠረዦችን አያይዞ የሚተነትነው ፓወር ፒቮት የለውም። ዊንዶውስ ላይ የተጻፈ ማክሮም (ሥራን በራሱ የሚያስኬድ ትእዛዝ) የዊንዶውስ ብቻ የሆነውን አክቲቭኤክስ የሚጠራ ከሆነ ማክ ላይ ሲደርስ ይቆማል። የዳታቤዝ ፕሮግራሙ አክሰስማ ጭራሽ ለማክ የለም። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ «ኤክሴል» ብላችሁ አትለፉት፤ ውስጡ ገብታችሁ የምትሠሩበትን ነገር ጭምር ጻፉ።

(ስክሪን፦ የዊንዶውስ ላፕቶፕ፣ ታስክ ማናጀር ተከፍቷል)

ወደ ዊንዶውስ እንግባ። ትልቁ ሀብቱ የዕቃ ብዛት ነው፤ ባርኮድ ማንበቢያ ወይም የጣት አሻራ መመዝገቢያ የሚሠራ ፋብሪካ ድራይቨሩን (ዕቃውን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያግባባውን ፕሮግራም) አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚያዘጋጀው ለዊንዶውስ ነው። ጣጣውም ከዚያው ይመነጫል። ማሽኑን አንዱ፣ ሲስተሙን ሌላው ስለሚሠራው፣ መለያቸው ላይ ተመሳሳይ ቁጥር ከተጻፈባቸው ሁለት ላፕቶፖች አንዱ ሲፈጥን ሌላው ሊንቀራፈፍ ይችላል። እንግዲያው ከመክፈላችሁ በፊት ውስጡን እዩ።

ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑ። ታስክ ማናጀር ሲከፈት ፐርፎርማንስ፣ ከዚያ ሜሞሪ። ከታች ፎርም ፋክተር የሚል መስመር አለ። «ሶዲም» ካለ ራሙ (ማሽኑ በሥራ ላይ የሚጠቀምበት ሜሞሪ) አብዛኛውን ጊዜ ተነቃይ ነው፤ ነገ መጨመር ትችላላችሁ። «ሮው ኦፍ ቺፕስ» ካለ ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ ነው፤ በገዛችሁት መጠን ትኖራላችሁ። ለጽሑፍና ለብሮውዘር 8 ጊጋባይት ያኖራል፤ ኤክሴልን፣ ዙምንና ሃያ ታብን አንድ ላይ ለሚከፍት ሰው ከ16 በታች አይመከርም። እዚያው ዲስክ የሚለውን ስትነኩ ፈጣኑ ኤስኤስዲ ወይም ዝግተኛው ኤችዲዲ መሆኑን ይነግራችኋል። ኤችዲዲ ከሆነ ዋጋው ላይ የኤስኤስዲ ወጪ ደምሩበት፤ ዊንዶውስ 11 በኤችዲዲ ላይ ትዕግሥት ይጨርሳል።

ዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፉ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ሁሉንም ማሽን አይቀበልም፤ 4 ጊጋባይት ራም፣ 64 ጊጋባይት ዲስክና ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕ ይጠይቃል። ኢንቴል ከሆነ፣ ከጥቂቶች በስተቀር፣ ፕሮሰሰሩ ስምንተኛ ትውልድ ወይም ከዚያ በላይ መሆን አለበት። ቲፒኤሙን ለማየት የዊንዶውስ ቁልፍንና አርን ተጫኑ፤ በሚወጣው ሳጥን ውስጥ ቲ፣ ፒ፣ ኤም፣ ነጥብ፣ ኤም፣ ኤስ፣ ሲ ብላችሁ ጻፉና ኢንተር በሉ። ስፔሲፊኬሽን ቨርዥን የሚለው 2.0 ካለ አለፈ። «አልተገኘም» ካለ ቶሎ ተስፋ አትቁረጡ፤ ባዮስ ውስጥ (ማሽኑ ሲበራ ከዊንዶውስ በፊት በሚነሳው መቆጣጠሪያ) ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። ኢንቴል ላይ ፒቲቲ፣ ኤኤምዲ ላይ ኤፍቲፒኤም በሚል ስም ታገኙታላችሁ።

ባዮስ ካነሳን ዘንድ አንድ ማስጠንቀቂያ። ዊንዶውስ 11 በማይክሮሶፍት አካውንት ሲጀመር ብዙ ላፕቶፖች ላይ ዲስኩ በራሱ ይመሰጠራል፤ ባለቤቱም ላያውቅ ይችላል። በኋላ ማዘርቦርድ ሲቀየር ወይም ባዮስ ሲነካ ሰማያዊ ስክሪን ወጥቶ ባለ 48 አሃዝ ቁልፍ ይጠይቃል። ቁልፉ ያለው መጀመሪያ ማሽኑን በከፈተው አካውንት ውስጥ ነው። ላፕቶፑን ሌላ ሰው በራሱ ኢሜይል ከፍቶ ካስረከባችሁ ቁልፉም እሱ ጋ ቀርቷል ማለት ነው፤ ከጠፋ ደግሞ ፋይሉን የሚመልስ ጥገና የለም። ዛሬውኑ አውጡትና ወረቀት ላይ ገልብጡት።

ስናፕድራገን ፕሮሰሰር ያላቸው ዊንዶውስ ላፕቶፖችም አሉ። ባትሪያቸው ያስደስታል፤ ተራ ፕሮግራሞችንም አስመስለው ያስኬዳሉ። ድራይቨርን ግን ማስመሰል አይቻልም፦ አሮጌ ስካነራችሁ ለአርም (የስናፕድራገን ዓይነት ፕሮሰሰር) የተሠራ ድራይቨር ከሌለው አይሠራም። ለቢሮ ስትገዙ ይህን አጣሩ።

(ምስል፦ የተዘጋ ማክቡክ፣ ከጎኑ ፍላሽ)

ማክ። አፕል እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ኤም1 ቺፕን ካወጣ ወዲህ ማክቡክ ኤር ማራገቢያ የለውም፤ ድምፅ አልባ ነው፤ ከድኖ አስተኝቶ በማግስቱ መክፈትም አያስቸግርም። ጉዳዩ የግዢ ቀን ውሳኔ ላይ ነው፦ ራሙ ከቺፑ ጋር አንድ ላይ የታሸገ ስለሆነ በኋላ አይጨመርም። 8 ጊጋባይት ያለው ያገለገለ ማክ ሲቀርብላችሁ ይህን አስቡ። ኢንቴል ያለበት ማክ ደግሞ በርካሽ ቢገኝም አያጓጓችሁ፤ አፕል እ.ኤ.አ. በ2025 ያወጣው ማክኦኤስ 26 ኢንቴልን የሚደግፍ የመጨረሻው ነው። ሁለት ስክሪን የምትሰኩም ተጠንቀቁ፤ ኤም1 እና ኤም2 ማክቡክ ኤር በራሳቸው የሚያወጡት ለአንድ ውጫዊ ስክሪን ብቻ ነው።

ያገለገለ ማክ ስትገዙ ሻጩ ፊታችሁ «ኢሬዝ ኦል ኮንተንት ኤንድ ሴቲንግስ» የሚለውን ያስኬድ። ከዚያ ዋይፋይ አገናኙና ማስጀመሪያውን እስከ መጨረሻው ሂዱበት። የሌላ ሰው አፕል አካውንት ከጠየቃችሁ ተቆልፏል። «ሪሞት ማኔጅመንት» የሚል ከመጣ ደግሞ ማሽኑ የሆነ ድርጅት መዝገብ ላይ አለ። ሁለቱም ላይ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ተመለሱ። ዋይፋይ ሳይገናኝ የተደረገ ፍተሻ ዋጋ የለውም፤ መቆለፉ የሚታወቀው ኢንተርኔት ላይ ነው።

ቤት ዊንዶውስ፣ ቢሮ ማክ ያለው ሰው ደግሞ በመጀመሪያው ሳምንት ፍላሹ ያጣላዋል። ማክ በኤንቲኤፍኤስ (የዊንዶውስ የፋይል አደረጃጀት) የተዘጋጀን ዲስክ ያነባል፤ አይጽፍበትም። ፋይሉ ይታያል፣ ይከፈታል፣ ግን መለጠፍ እምቢ ይላል፤ ሰዉም ፍላሹ የተበላሸ ይመስለዋል። ፋት32 ሁለቱም ላይ ይሠራል፤ እሱ ግን ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ ነጠላ ፋይል አይቀበልም፤ 64 ጊጋባይት ባዶ ቦታ እያለ ቪዲዮው አልገባም የሚለው ለዚህ ነው። መፍትሔው ኤክስፋት ነው። መጀመሪያ ያለውን ሁሉ ሌላ ቦታ ገልብጡ፤ ፎርማት ሁሉንም ያጠፋል። ከዚያ ዊንዶውስ ላይ ፍላሹን በቀኝ ንኩ፣ ፎርማት በሉ፣ ፋይል ሲስተም የሚለው ላይ ኤክስፋት መርጣችሁ ስታርት። ኤክስፋት ኢጀክት ሳይል ለሚነቅል ሰው ምሕረት የለውም፤ ጽሕፈት ሳይጨርስ ከነቀላችሁት ፋይሎች ይበላሻሉ። ኢጀክት ሳትሉ አታውጡት።

(ስክሪን፦ የኡቡንቱ ማስጀመሪያ ገጽ)

ዊንዶውስ 11 አልቀበልም ያለው ላፕቶፕ ሊኑክስ ሊያድነው ይችላል። ጥሩነቱ ሳትጭኑት መሞከራችሁ ነው። የኡቡንቱን ወይም የሊኑክስ ሚንትን (ሁለቱም የሊኑክስ ዓይነቶች ናቸው) አይኤስኦ የሚባል መጫኛ ፋይል አውርዱ፤ ሩፉስ በሚባለው ፕሮግራም ባዶ ባለ 8 ጊጋባይት ፍላሽ ላይ ጻፉት። ማሽኑን አጥፍታችሁ ስታበሩ ኤፍ12፣ ኤፍ9 ወይም ኢስኬፕን ደጋግሙ፤ ቁልፉ እንደ አምራቹ ይለያያል። ፍላሹን ምረጡ፣ ከዚያ ኡቡንቱ ከሆነ ከ«ኢንስቶል» ይልቅ «ትራይ» የሚለውን። ከፍላሽ ስለሚነሳ ይዘገያል፤ በዚህ አትፍረዱበት። የምትፈትኑት ሌላ ነው፦ ዋይፋዩ ይገናኛል? ድምፁ? ካሜራው? ክዳኑን ለአሥር ደቂቃ ዝጉና ክፈቱ፤ ይነቃል? ፕሪንተራችሁ ያትማል? ዘወትር የሚያስቸግሩት አንዳንድ የብሮድኮም ዋይፋይ ካርዶችና የጣት አሻራ ማንበቢያዎች ናቸው።

ከዊንዶውስ ጎን ለጎን ከጫናችሁት ሰዓቱ በየጊዜው ቢዛባ የማዘርቦርዱ ሰዓት ባትሪ አልሞተም። ዊንዶውስ የማሽኑን ሰዓት የአካባቢ ሰዓት አድርጎ ይይዘዋል፣ ሊኑክስ ደግሞ ዓለም አቀፉን፤ አንዱ ያስተካከለውን ሌላው ያፈርሰዋል። ሊኑክስ ላይ በማይክሮሶፍት ኦፊስ ፋንታ የሚያገለግለው ሊብረኦፊስ የዎርድ ፋይሎችን ይከፍታል፤ ካሊብሪ የሚባለው ፎንት ከሌለም በስፋቱ እኩል በሆነው ካርሊቶ ይተካዋል። ሌላ ፎንት ከተጠቀማችሁ ግን መስመሩ ተገፍቶ ባለ ሁለት ገጹ ደብዳቤ ሦስት ሊሆን ይችላል። ለፊርማ የሚሄድ ነገር በፒዲኤፍ ላኩ።

ወረቀታችሁ ላይ ሁሉም ነገር ከተሰረዘስ? ያኔ ክሮምቡክም ይበቃችኋል። ሥራው ብሮውዘር ውስጥ ለሆነ ተማሪ ወይም ቤተሰብ ጣጣ የለሽ ነው። ኢንተርኔት ሲቋረጥ ሰነዶቻችሁን ለመክፈት ግን ኦፍላይን የሚለውን ቀድማችሁ፣ ኢንተርኔቱ ሳለ ማብራት አለባችሁ። ያገለገለ ከሆነ ደግሞ ሴቲንግ ውስጥ አባውት ክሮምኦኤስ ገብታችሁ ዝማኔ የሚያበቃበትን ቀን እዩ። እ.ኤ.አ. ከ2021 ወዲህ የወጡ ሞዴሎች 10 ዓመት ያገኛሉ፤ ቆጠራው ግን ሞዴሉ የተሠራበት የሃርድዌር መሠረት ከወጣበት እንጂ እናንተ ከገዛችሁበት ቀን አይደለም። በካርቶኑ ያለ፣ ያልተከፈተ ክሮምቡክም ቢሆን ግማሽ ዕድሜውን መደርደሪያ ላይ ጨርሶ ሊሆን ይችላል።