"ይሄ ገለጻ ነው እንጂ ክርክር አይደለም"፦ ስለ ኮሌጅ ፔፐር አጻጻፍ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር፣ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ። ስለ ሶሻል ሚዲያና ተማሪዎች አምስት ገጽ ጽፌ አስገባሁ፣ ብዙ አንብቤ ነው የጻፍኩት፣ አስተማሪዬ ግን "ይሄ ገለጻ ነው እንጂ ክርክር አይደለም" ብላ መለሰችልኝ። ልዩነቱ ምን እንደሆነ አልገባኝም።

መልስ፦ እህቴ አስተማሪሽ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ብትጽፍልሽም ዋናውን ነገር ነው የነገረችሽ። አሁን የፔፐርሽ ዋና ሃሳብ ምናልባት "ሶሻል ሚዲያ ለተማሪዎች ጥቅምም ጉዳትም አለው" የሚል ይሆናል፣ አብዛኛው ተማሪ እንደዛ ነው የሚጀምረው። እስቲ ተቃራኒውን ጻፊው፣ "ሶሻል ሚዲያ ጥቅምም ጉዳትም የለውም"። ይሄን የሚል ሰው አለ? የለም። ማንም የማይቃወመውን ነገር ለማሳመን ደግሞ አምስት ገጽ አያስፈልግም። አሁን ይሄንን እዪው፣ "ክፍል ውስጥ ስልክ መከልከል ትኩረትን ያሻሽላል፣ ከክፍል ውጪ ያለውን አጠቃቀም ካልነካ ግን ውጤት ላይ ብዙ ለውጥ አያመጣም"። እውነት ይሁን አይሁን ገና ማረጋገጥ አለብሽ፣ ግን አንድ አስተዋይ ሰው ተነስቶ "አይ፣ ትኩረት ከተሻሻለ ውጤትም ይሻሻላል" ሊልሽ ይችላል፣ ክርክር የሚጀምረው እዛ ጋ ነው። ቴሲስ ስቴትመንት የሚባለውም ይሄው ነው፣ አንቺ የምትይው፣ ሌላው ሊቃወመው የሚችለው፣ በማስረጃ ልትደግፊው የምትችይው አንድ ሃሳብ።

አንድ ነገር ግን አደራ፣ መልሱን አስቀድመሽ ይዘሽ ማስረጃ ፍለጋ አትውጪ። እንደዛ ከሆነ የሚደግፍሽን ብቻ ነው የምታነቢው፣ የማይደግፍሽ ጥናት ሲመጣ ታልፊዋለሽ። በጥያቄ ጀምሪ፣ እውነተኛ ጥያቄ፣ መልሱን አንቺም የማታውቂው። ግማሽ መንገድ ላይ ሃሳብሽ ቢቀየር ደስ ይበልሽ፣ ሪሰርች እየሰራሽ ነው ማለት ነው።

ጥያቄ፦ መምህር እኔ ጋ ደግሞ ችግሩ ሌላ ነው፣ በየፓራግራፉ ሶስት አራት ሳይቴሽን፣ ማለትም የተጠቀሰ ምንጭ፣ አለኝ፣ ምንጮቼም ጆርናል (የጥናት መጽሔት) ናቸው፣ ግን ሁሌ "የአንተ ሃሳብ የታለ?" እባላለሁ። ማስረጃ ከበዛ እኮ ጥሩ ነበር።

መልስ፦ ወንድሜ ማስረጃ ራሱ አይናገርም፣ የምታናግረው አንተ ነህ። ስቴፈን ቱልሚን የሚባል እንግሊዛዊ ፈላስፋ እ.ኤ.አ. በ1958 ባወጣው መጽሐፍ ላይ ክርክርን እንዲህ ፈታትቶ አሳየ፣ አንድ የምትለው ነገር አለ፣ ለዛ የምታቀርበው ማስረጃ አለ፣ ከዛ ደግሞ ሁለቱን የሚያገናኝ ምክንያት አለ፣ ማለትም ይሄ ማስረጃ ለምን ያንን ሃሳብ እንደሚደግፍ። ተማሪዎች የሚዘሉት ሶስተኛውን ነው፣ ምክንያቱም ለራሳቸው ግልጽ ስለሚመስላቸው።

ምሳሌ ልስጥህ። "ላይብረሪ የሚያዘወትሩ ተማሪዎች የተሻለ ውጤት አላቸው፣ ስለዚህ ኮሌጁ የላይብረሪ ሰዓት ማራዘም አለበት" ብለህ ጻፍክ እንበል። ማስረጃው አለ፣ ሃሳቡም አለ። መሃል ላይ ግን ሳትናገረው ያለፍከው ነገር አለ፣ ውጤቱን ያመጣው ላይብረሪው ነው የሚል። ድሮውንም ጎበዝ የሆኑት ከሆኑስ ላይብረሪ የሚሄዱት? እንደዛ ከሆነ ሰዓቱን ብታራዝም ማን ይጠቀማል? የአንተ ሃሳብ የታለ የሚሉህ ይሄን ክፍተት ነው፣ ክፍተቱን የምትሞላበት ሁለት ሶስት ዓረፍተ ነገር የአንተ ሃሳብ ማለት ነው። እያንዳንዱን ማስረጃ ከጻፍክ በኋላ "እና ምን ይሁን?" ብለህ ራስህን ጠይቅና መልሱን እዛው ጻፈው።

የፓራግራፎችህን መጀመሪያም እያቸው፣ "እገሌ እንደሚለው"፣ "እገሊት እንዳጠናችው" እያሉ የሚጀምሩ ከሆነ ፔፐሩ የእነሱ ሆኗል። ሊትሬቸር ሪቪው ላይም፣ ማለትም ሌሎች ቀድመው ያጠኑትን የምትዳስስበት ክፍል ላይ፣ ያው ነው፣ በጸሐፊ ሳይሆን በሃሳብ አደራጀው፣ እነዚህ በዚህ ይስማማሉ፣ እነዚህ ደግሞ በዚህ ምክንያት አይስማሙም እያልክ። የማይስማማህን ሰው ሃሳብ ስትጽፍ ደግሞ በጣም ጠንካራውን ቅጂ ጻፍለት፣ ቢያነበው "አዎ፣ እኔ ያልኩት ይሄንን ነው" እንዲል፣ ደካማውን መርጦ መጣል አንባቢውን መናቅ ነው።

ጥያቄ፦ ከምንጩ የወሰድኩትን ቃላቱን ሁሉ ቀይሬ ነው የጻፍኩት፣ ፔፐር የሚያመሳክረው ሶፍትዌር ግን ፕላጃሪዝም (የሰው ጽሑፍ መቅዳት) አለ አለኝ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ሶፍትዌሩ የሚያሳይሽ ተመሳሳይነትን ነው፣ ጥፋተኛ ነሽ አይደለሽም የሚለውን የሚወስነው አስተማሪሽ ነው፣ በትክክል በትምህርተ ጥቅስ ያስገባሽውንም ሊቆጥር ይችላል። ግን ቃል በቃል እየለወጥሽ የዓረፍተ ነገሩን አካሄድ እንዳለ ከተውሽው እሱ ፓራፍሬዝ፣ ማለትም በራስ አባባል መጻፍ፣ አይደለም። አንብቢ፣ ዝጊው፣ ለጓደኛሽ እንደምታስረጂ አድርገሽ ጻፊ፣ ከዛ ከፍተሽ አመሳክሪ። ሳታይው መጻፍ ካልቻልሽ ገና አልገባሽም ማለት ነው፣ ደግመሽ አንብቢ። በራስሽ ቃል ብትጽፊውም ሃሳቡ የሌላ ሰው ነውና ምንጩ የግድ ይጠቀሳል።

ጥያቄ፦ ሪፈረንስ ቻትጂፒቲ እንዲያወጣልኝ ማድረግ ችግር አለው? ምንጭ የሚታመን መሆኑንስ በምን አውቃለሁ?

መልስ፦ በጣም አለው። የሌለ ጽሑፍ የእውነት አስመስሎ፣ ከነጸሐፊውና ከነዓመቱ ሊፈጥርልህ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2023 ኒው ዮርክ ውስጥ ጠበቆች ቻትጂፒቲ የፈጠራቸውን፣ ጭራሽ የሌሉ የፍርድ ቤት ውሳኔዎች ጠቅሰው 5,000 ዶላር ተቀጥተዋል። አንተ ራስህ ከፍተህ ያላነበብከውን ምንጭ አትጥቀስ፣ በቃ።

መታመኑን በተመለከተ ጆርናል ላይ መውጣቱ ብቻውን አይበቃም። ክትባትን ከኦቲዝም ጋር ያያያዘው ጥናት እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው ላንሴት ላይ ነው፣ ትልቅ የህክምና ጆርናል ላይ፣ ያየው ደግሞ 12 ልጆችን ብቻ ነበር፣ በ2010 ጆርናሉ ራሱ ሰረዘው። ስለዚህ ስንት ሰው ላይ ተጠና፣ እንዴት ተጠና፣ በኋላ የመጡ ጥናቶች ምን አሉ፣ ተሰርዟል ወይ ብለህ ፈልግ። አብስትራክቱን፣ መጀመሪያ ላይ ያለውን አጭር ማጠቃለያ፣ ብቻ አንብበህ አትጥቀስ፣ ቢያንስ የጥናቱን ዘዴና ራሳቸው ጸሐፊዎቹ ድክመታችን ነው ያሉትን ክፍል እይ።

ጥያቄ፦ መምህር እኔ በስራ ላይ ሆኜ የምማር ትልቅ ሰው ነኝ። ኢንትሮዳክሽኑ ላይ ሳምንት ይሄድብኛል፣ ከዛ ጊዜ ያልቅና ሌላውን በጥድፊያ እጨርሳለሁ።

መልስ፦ ጋሼ መግቢያውን ይተዉትና ከመሃል ይጀምሩ፣ በደንብ ከሚያውቁት ክፍል። ገና ያልጻፉትን ነገር እንዴት ያስተዋውቁታል? ረቂቁ ሲያልቅ ከእያንዳንዱ ፓራግራፍ ጎን ፓራግራፉ የሚለውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ። አንድ ዓረፍተ ነገር ካልበቃ ሁለት ሃሳብ ተደባልቋል፣ ይክፈሉት፣ ምንም የሚጻፍ ከጠፋ ደግሞ ያውጡት። ከዛ የጎን ዓረፍተ ነገሮቹን ብቻ በተከታታይ ያንብቡ፣ የቱ ጋ እንደዘለሉ ወዲያው ይታይዎታል። መግቢያውን ከዛ በኋላ ይጻፉት፣ እርስዎ ጊዜ ስለሌለዎት ይሄ ትልቅ እፎይታ ነው የሚሆንልዎት። ለአድቫይዘርዎ ሲልኩም "እንዴት ነው?" ብለው አይላኩ፣ "ጥሩ ነው" ነው የሚባሉት፣ "ሁለተኛው ክፍል ላይ ማስረጃዬ ለዚህ ሃሳብ ይበቃል ወይ?" ብለው ቦታውን ጠቁመው ይጠይቁ።