ገንዘቡ ከሹፌሩ ወንበር ይጀምር

የተከበራችሁ የማህበራችን አባላት፣ ከመንግስት መስሪያ ቤት የመጣችሁ እንግዶቻችን፣ እንደምን ዋላችሁ።

የተጠራነው መንግስት ለአገር አቋራጭ አውቶብሶች ደህንነት የሚመድበው ገንዘብ ምን ላይ ይዋል በሚለው ላይ ለመነጋገር ነው። ብዙ ነጥብ ጽፌ መጥቻለሁ። አንዷን ሳልናገር ግን ወደ ሌላው ማለፍ አልችልም።

ታሪኩን ብዙዎቻችሁ በከፊል ታውቁታላችሁ። የሌሊት ጉዞ ነበር። ተሳፋሪው ተኝቷል። አንድ ሰው ከኋላ ተነስቶ ወደ ፊት ሲመጣ በመስታወቱ አየሁት። ማረፊያ ሊጠይቀኝ መሰለኝ። አጠገቤ ቆሞ «አቁም፣ እየተከተሉን ነው» አለኝ። ድምፁ ይንቀጠቀጣል። «ወንድሜ፣ ቁጭ በል፣ አሁን አቆምልሃለሁ» አልኩት። ተናግሬ ሳልጨርስ መሪውን በሁለት እጁ ጨበጠው።

እኔ ወደ ግራ፣ እሱ ወደ ቀኝ። ጎማው አስፋልቱን ለቆ ጠጠር ላይ ሲወጣ ድምፁ ተለወጠ። ያ ድምፅ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። ፍሬን በአንዴ ብይዝ የተኛው ሰው ሁሉ ይወረወራል። ስለዚህ ቀስ እያልኩ ያዝኩ። ስልኬ ጃኬቴ ኪስ ውስጥ ነው፣ ጃኬቱ ደግሞ ከወንበሩ ጀርባ ተሰቅሏል። ተጭኜ እርዳታ የምጠራበት ቁልፍ የለም። አንዲት እናት ጮኸው ሁለት ወጣቶች ባይነሱልኝ ኖሮ ዛሬ እዚህ አልቆምም ነበር።

ካሜራ ግን ነበረን። በማግስቱ ቢሮ ጠርተው ቪዲዮውን አሳዩኝ። መሪው ላይ የተጣበቁት ጣቶቼ ሳይቀሩ ይታያሉ። ያን ሌሊት ያጣሁት የሚከልለኝ ነበር!

እኔስ ተርፌያለሁ። በኦክቶበር 3 ቀን 2001 አሜሪካ፣ ቴነሲ ውስጥ አንድ ተሳፋሪ የሹፌሩን አንገት በስለት ቆረጠው። አውቶብሱ ተገለበጠ። አጥቂውን ጨምሮ 7 ሰዎች ሞቱ፣ ሹፌሩ ተረፈ። በዚያ አገር በ2007 የወጣው ህግ የደህንነት ድጎማው ከሚውልባቸው ነገሮች መካከል ሹፌሩን መከለልን፣ የአደጋ ጊዜ መገናኛን እና ስልጠናን በግልጽ አስቀምጧል። እንዲያም ሆኖ በ2018 ለመላው አገር የተመደበው 2 ሚሊዮን ዶላር ብቻ ነበር። ለስንት አውቶብስ ይበቃል? ገንዘብ ሲያንስ ቅድሚያ የሚሰጠው ለማን ነው? ሃምሳ ሰው ነፍሱን ለሰጠው ሰው ካልሆነ ለማን ነው?

መከለያ ስል ሳጥን ውስጥ ቆልፉን ማለቴ አይደለም። የቀኙን ስፖኪዮ የሚጋርድ ወይም ሌሊት መብራት የሚያንጸባርቅ መከለያ ራሱ አደጋ ያመጣል። እሳት ቢነሳ በአንድ እጅ መከፈት አለበት። ስለዚህ ከመገዛቱ በፊት አንድ ሹፌር በጨለማ ነድቶ ይፈትነው። እስከ ዛሬ እቃ ተገዝቶ፣ ተገጥሞ፣ ፎቶ ተነስቶ ካለቀ በኋላ ነው እኛ የምንሰማው። መሪው ላይ ያለነው እኛ ነን! ማን ጠየቀን?

ሌላው የማመልከቻው ነገር ነው። ሶስት አውቶብስ ያለው ባለንብረት ያን ሁሉ ገጽ ሞልቶ፣ የስጋት ጥናት አያይዞ የሚያቀርብለት ባለሙያ የለውም። አማካሪ መቅጠር የሚችለው ብቻ ይወስዳል። አጭር ቅጽ አዘጋጁ፣ የሚያግዝ ሰው መድቡ።

የሻንጣ ፍተሻም ያስፈልጋል። የመናኸሪያ መብራትም እንዲሁ። ለጥገናም በጀት ይያዝ፣ የተበላሸ ቁልፍ ከሌለ አይሻልም።

ለእንግዶቻችን የምንሰጠው ደብዳቤ በሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ነው። የምንጠይቀው ሶስት ነገር ነው፦ መከለያ፣ የድንገተኛ ጥሪ ቁልፍ፣ ስልጠና። የሌሊት ተረኞች መውጫ ሰዓታችሁ ስለደረሰ እናንተ ቅድሚያ ፈርሙ።