ይሄ መዝገብ የማን ነው?

ሰላም፣ እንደምን ከረማችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ሰሞኑን ሳስበው ስለከረምኩት ነገር ላውራችሁ።

ማታ ማታ አካውንቲንግ ነክተው የማያውቁ ተማሪዎችን አስጠናለሁ። ኢንጂነሪንግ የጨረሱ አሉ፣ ነርሶች አሉ፣ ማኔጅመንት የሚማሩም አሉ። ፍርሃታቸው አንድ ነው፤ «እኔ ከቁጥር ጋር አልስማማም» ይላሉ። የመግቢያው ኮርስ ላይ ያለው ሂሳብ እኮ መደመርና መቀነስ ነው፣ ቢበዛ ማካፈል። የሚያስቸግራቸው ሌላ ነው። የማንን መዝገብ እየጻፉ እንደሆነ ቆም ብሎ የነገራቸው የለም።

እስቲ ደሞዝ የገባ ቀን ባንካችሁ የላከላችሁን መልእክት አውጥታችሁ እዩት። ሂሳብዎ ክሬዲት ተደርጓል ይላል። ክፍል ውስጥ ደግሞ መምህሩ «ገንዘብ ሲጨምር ዴቢት ነው» ብሏችኋል። ዴቢት የመዝገቡ ግራ ወገን ነው፣ ክሬዲት ደግሞ ቀኝ ወገኑ፣ እያንዳንዱ ነገር በሁለቱም ላይ ይጻፋል። ታዲያ የቱ ነው ልክ? ብዙ ተማሪ እዚህ ላይ ሲደርስ ግራ ይጋባና ነገሩን ሸምድዶ ፈተናውን ያልፋል፣ ከዚያ በኋላ ግን ኮርሱን በሙሉ በሽምደዳ ነው የሚገፋው። ሁለቱም ልክ ናቸው። ባንኩ የጻፈው በራሱ መዝገብ ላይ ነው። እናንተ ያስቀመጣችሁት ብር ለባንኩ ዕዳ ነው፣ ስትጠይቁት መክፈል አለበት። ዕዳ ሲጨምር ክሬዲት ይደረጋል። የራሳችሁን መዝገብ ብትይዙ ግን ያው ብር ሀብታችሁ ነው፣ ሀብት ሲጨምር ደግሞ ዴቢት ነው።

እኔ የምወደው ምሳሌ እቁብ ነው፣ ምክንያቱም የማያውቀው ሰው የለም። አሥር ሰዎች ናችሁ እንበል፣ በወር አምስት አምስት ሺህ ትጥላላችሁ። የመጀመሪያው ዕጣ ለእናንተ ወጣ። 50,000 ብር ተቀበላችሁ፣ የራሳችሁ 5,000 በውስጡ ነው፣ ስለዚህ እጃችሁ ላይ የተጨመረው 45,000 ነው። ይሄ ገቢ ነው? ተማሪ ሁሉ ቶሎ ብሎ «አዎ» ይላል፣ ደስታውም ያሳስታል። ግን ገና ዘጠኝ ወር ትጥላላችሁ፣ ዘጠኝ ጊዜ አምስት ሺህ፣ 45,000 ብር። ስለዚህ ጥሬ ገንዘብ ዴቢት 45,000፣ የእቁብ ዕዳ ክሬዲት 45,000። ሀብታችሁ ጨመረ፣ ዕዳችሁም በዚያው ልክ ጨመረ፣ የራሳችሁ ድርሻ፣ ማለትም ከሀብታችሁ ዕዳችሁ ሲቀነስ የሚተርፈው፣ ካለበት ንቅንቅ አላለም። አሁን ደግሞ የመጨረሻውን ዕጣ የሚወስደው ሰው ጋ ሂዱ። ዘጠኝ ወር ከጣለ በኋላ እጁ ባዶ ይመስላል፣ መዝገቡ ላይ ግን 45,000 ብር ተሰብሳቢ፣ ማለትም ገና ከሌሎቹ የሚቀበለው ብር፣ አለው። እሱ ደሃ አልሆነም፣ እናንተም ሀብታም አልሆናችሁም።

እዚህ ላይ አጥብቄ የምናገረው ነገር አለ። ያንን 45,000 በስህተት ገቢ ብላችሁ ብትመዘግቡት ትሪያል ባላንሱ፣ የዴቢቶቹና የክሬዲቶቹ ድምር የሚነጻጸርበት ዝርዝር፣ ይገጥማል! ዴቢትና ክሬዲቱ እኩል ነዋ። ተማሪዎች ሁለቱ ድምሮች ሲገጥሙላቸው እፎይ ብለው ደብተር ይዘጋሉ። መግጠሙ የሚነግራችሁ ሁለቱን ወገን እኩል መጻፋችሁን ብቻ ነው። ነገሩን በትክክለኛው ስም መዝግባችሁት እንደሆነ አይነግራችሁም። ብዙ መምህራን ይሄን በአንድ መስመር ብቻ ያልፉታል፣ እኔ ግን አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ይገባዋል ባይ ነኝ።

ሌላው ባለሱቅ ነው። ለሽያጭ በ1,000 ብር ያመጣውን ዘይት አንስቶ ቤቱ ይወስዳል። «የራሴ ሱቅ፣ የራሴ ዘይት» ይላል፣ ሕይወቱን ካየን እውነቱን ነው። በሂሳብ ግን ሱቁ ለብቻው ይቆማል፣ ሰውየውም ለብቻው። የሱቁ ዕቃ በ1,000 ይቀንሳል፣ ባለቤቱ ለግሉ እንደወሰደ ይጻፋል፣ የሱቁ ወጪ ግን አይደለም። ይሄ ካልተለየ ሱቁ ያተርፍ ይክሰር ማወቅ አይቻልም። ደንበኞቹ ሞልተው፣ ሥራው ደርቶ፣ ዓመቱ ሲያልቅ «ብሩ የት ገባ?» የሚል ነጋዴ ስንት አለ።

ዱቤም እንደዚሁ ነው። ሰኔ 28 ዕቃ ሰጥታችሁ ብሩ ሐምሌ 10 ቢመጣ፣ ሽያጩ የሰኔው ነው። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ ሽያጩ ባለፈው ዓመት ትርፍ ውስጥ ይገባል፣ ብሩ ደግሞ በአዲሱ ዓመት። በአክሩዋል አሠራር ማለቴ ነው፣ ብሩ ሲገባ ሳይሆን ሽያጩ ሲፈጸም የሚመዘገብበት፣ መጀመሪያ የምትማሩትም እሱን ነው።

ይሄን ሁሉ የፈጠሩት በዲግሪ የተመረቁ ሰዎች እንዳይመስሏችሁ። ሉካ ፓቾሊ የሚባል የሒሳብ ሊቅ፣ መነኩሴ ነው፣ በ1494 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ቬኒስ ውስጥ አሠራሩን ጽፎ አሳተመ። ከእሱ በፊት ግን የጣሊያን ነጋዴዎች ሲሠሩበት ቆይተዋል። ዕቃ በመርከብ ልከው፣ ከሸሪክ ጋር ተካፍለው፣ በዱቤ ሸጠው፣ ማን ምን እንዳለበት ማወቅ ስለነበረባቸው ነው። ስለዚህ ነርስ ነኝ፣ ኢንጂነር ነኝ፣ ይሄ የኔ አይደለም አትበሉ።

ኮርሱን ልትጀምሩ ከሆነ ይሄን ሞክሩልኝ። የአንድ ሳምንት የባንክ መልእክቶቻችሁን ሰብስቡ፣ እያንዳንዱን በወረቀት ላይ ሁለቴ ጻፉት፣ አንዴ እንደ ባንኩ፣ አንዴ እንደ ራሳችሁ። ያልገጠመላችሁ ካለ በድምፅ ላኩልኝ፣ አብረን እናየዋለን። በሚቀጥለው የእርጅና ቅናሽን አነሳለሁ፣ ባጃጅ የገዛ ሰው ትርፉን እንዴት ነው የሚያሰላው የሚለውን። ደህና ሁኑ።